ሺህ ቀን በዘጠና ቀን አይሞላም

ያለፈው እሑድ ክርስትና ተጠርተን ነበር። የጓደኛችን ልጅ ሴት ስለሆነች 80 ቀን ተጠብቆላት፣ በሌሊት ቤተ ክርስቲያን ተወስዳ፣ ክርስትና ተነሥታ ተመልሳለች። እኛ እንደ ልማዳችን የደረስነው ለምሳ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ ዶሮው ወጥቷል፣ ጠላው ተቀድቷል። የሰፈሩ እናቶች ሕፃኗን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ "እሰይ! እንዴት ፋፍታለች!" ይላሉ። እኛም ተራችን ደርሶ ለማቀፍ ስንሻማ እናትየው አጠገባችን ቁጭ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ዐሥር ቀን ቀረኝ" አለችን።

መጀመሪያ አልገባንም። የምን ዐሥር ቀን? ለካ የወሊድ ፈቃዷ የሚያልቀው በዘጠናኛው ቀን ነው። ልጅቷ ክርስትና በተነሣች በዐሥረኛው ቀን እናቷ ባጅ አንጠልጥላ፣ የጠዋቱን ሰርቪስ ተሳፍራ፣ ከአንድ ስሙን ከማንጠቅሰው መሥሪያ ቤት ወንበሯ ላይ ትገኛለች። "ወተቱስ?" አልናት። "አልቤ አስቀምጥላታለሁ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ..." ብላ ዝም አለች። ቢሮ ውስጥ ጡት ማለቢያ የሚሆን በሩ የሚቆለፍ ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ ሽንት ቤቱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሒሳብ ስንሠራ ሰነበትን። ጋዜጠኝነት የተማርነው ከሒሳብ ሸሽተን እንደሆነ አንክድም። ይኼኛው ግን የመደመርና የመቀነስ ስለሆነ እኛንም አላቃተን። እስቲ አብረን እንሥራው።

ሐኪሞች "የመጀመሪያው አንድ ሺህ ቀን" የሚሉት ነገር አለ። ማህፀን ውስጥ 270 ቀን፣ የመጀመሪያው ዓመት 365፣ ሁለተኛው ዓመት 365፤ ድምሩ 1000። የሰው ልጅ አካልና አንጎል ዋናው መሠረት የሚጣለው በእነዚህ ቀናት ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው አንጎሉ የአዋቂን አንጎል መጠን ሦስት አራተኛ ያህል ደርሷል። ከእነዚህ ቀናት ውስጥ ከልደት ጀምሮ ያሉት 6 ወራት፣ ማለትም 180 ቀን ገደማ፣ ከእናት ጡት በቀር ውኃ እንኳ እንዳይሰጥ የዓለም ጤና ድርጅትም የኛው ጤና ሚኒስቴርም ይመክራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። 180 ሲቀነስ 90፣ ስንት ቀረ? መንግሥት በአንድ እጁ "ስድስት ወር አጥቢ" የሚል ፖስተር ይለጥፋል፤ በሌላው እጁ በሦስተኛው ወር "ነይ ፈርሚ" ይላል። (አባትየው ስንት ቀን እንዳለው ጠይቃችሁ እንደሆነ፣ በዚሁ አዋጅ 3 ቀን ነው። ሦስት ቀን ዕቃ ለማጠብም አይበቃ!)

"እና ምን ይጠበስ? የቆርቆሮ ወተት አለ አይደል?" የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። የሚጠበሰውን እንነጋገር።

አረሙና ማሽላው

አንድ ልጅ ለዕድሜው የሚጠበቀው ቁመት ላይ ሳይደርስ ሲቀር የጤና ባለሙያዎች "ቀነጨረ" ይላሉ። ቃሉን እኛ ከተሜዎቹ ከፕሮጀክት ሪፖርት ነው የሰማነው። ገበሬው ግን ከእኛ በፊት ያውቀዋል። ማሽላ ማሳ ውስጥ የሚበቅል "አቀንጭራ" የሚባል አረም አለ። ሥሩን ከማሽላው ሥር ላይ ያጣብቅና ከአፈር በታች ሆኖ ምግቡን ይመጥጣል። አበባው ሲታይ ያምራል። ችግሩ፣ አረሙ ከአፈር በላይ ብቅ ባለበት ሰዓት ማሽላው ከተጎዳ ቆይቷል። አረሙን መንቀል ይቻላል፤ የቀጨጨውን ማሽላ ግን ነቅለው አያስረዝሙትም።

የልጅ መቀንጨርም እንደዚሁ ነው። የሚጀምረው እናት ማህፀን ውስጥ ነው፤ በደም ማነስ፣ በምግብ እጥረት፣ በወባ። ቀጥሎ ተቅማጡ፣ ንጹሕ ያልሆነው ውኃ፣ በየጊዜው የሚመላለሰው ሕመም ይጨመርበታል። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ወፈር ያለ ገንፎ ሲገባው ቀጭን ሙቅ ይጠጣል። ይኼ ሁሉ ቀስ እያለ ስለሚሠራ ማንም አይደነግጥም። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ዓለምን ያስለቀሰው አጥንቱ የወጣ ሕፃን ነው፤ የቀነጨረ ልጅ ግን ካሜራ ፊት ቢቆም "ጤነኛ ልጅ" ነው። ይስቃል፣ ይሮጣል፣ ኳስ ይጫወታል። የአራት ዓመቱ ልጅ የሁለት ዓመት ተኩል ይመስላል እንጂ ሌላ ነገር አይታይበትም። የጎረቤቱ ልጅ ሁሉ እኩል ከቀነጨረ ደግሞ ማን ከማን ያንሳል?

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ አጭር ሰው ሁሉ ቀንጭሯል ማለታችን አይደለም። (ይህን ጽሑፍ ከምንጽፈው መካከልም ወንበር ላይ ሳይወጣ ቁምሳጥን የሚደርስ የለም።) ቁመቱ ምልክት ብቻ ነው። ልጁን ያሳጠረው ጉድለት አንጎሉንም አልፎታል፤ በኋላ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚታየውም እሱ ነው።

"እነዚያ ልጆች" እነማን ናቸው?

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ልጆች መካከል የቀነጨሩት ከመቶ 58 ነበሩ። በ1997 ወደ 51፣ በ2003 ወደ 44፣ በ2008 ወደ 38 ወረደ። በ2011 በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ 37 ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ 58 የነበረውን በ16 ዓመት ወደ 38 ማውረድ ቀላል ሥራ አይደለም። ከ1995 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የዞሩት፣ ክትባቱ፣ ጤና ጣቢያው ፍሬ አፍርቷል። በ1992 ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ወደ 67 ወርዷል። ይህን ማመስገን ካድሬ አያሰኝም። ነገር ግን ከ38 ወደ 37 ስንደርስ ጉዞው ተንቀራፏል። ልጆቻችንን ከሞት ማትረፍ ጀምረናል፤ የተረፉትን በሙሉ ቁመታቸውና በሙሉ አእምሯቸው ማሳደግ ግን ገና ነው።

ሁለተኛው ግን እኛን ቁጭ ብለን እንድናስብ ያደረገን ነው። በ1992 ከአምስት ዓመት በታች የነበሩት "እነዚያ ልጆች" ዛሬ ስንት ዓመታቸው ነው? ቁጠሩ። ሃያዎቹን እየጨረሱ፣ ሠላሳዎቹን እየጀመሩ ናቸው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊታችን የቆሙት፣ በዶርም አብረውን ያደሩት፣ ሥራ ፍለጋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚጋፉት ናቸው። እነዚያ ልጆች እኛ ነን! ሪፖርቱ ውስጥ በመቶኛ የተጻፍነው እኛ ነን። አሥረኛ ክፍል ላይ ከፈተናው ያልዘለቁትን የሰፈራችንን ልጆች "ጭንቅላት የለውም" ብለን ስቀንባቸዋል። ከስንቱ ጋር የሳቅነው በሺህ ቀኑ ውስጥ በተዘጋ በር ላይ ይሆን?

በ2005 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው "የረሃብ ዋጋ በኢትዮጵያ" የተባለው ጥናት ይህንኑ በብር ተምኖታል። በሥራ ዕድሜ ላይ ካለው አዋቂ ከመቶ 67 የሚሆነው በልጅነቱ ቀንጭሮ ነበር። የቀነጨረ ልጅ ካልቀነጨረው ይልቅ በአማካይ 1.1 ዓመት ያነሰ ይማራል። አገሪቱ በሕፃናት የምግብ እጥረት ሳቢያ በአንድ ዓመት (በ2001) ያጣችው 55.5 ቢሊዮን ብር፣ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርቷ 16.5 በመቶ ነበር። ስለ ዕድገት ቁጥር ሌት ተቀን የሚከራከሩ ኢኮኖሚስቶቻችን ይህችን ቁጥር ለምን እንደሚዘሏት አይገባንም።

"የገጠር ጉዳይ ነው"

አይደለም። እርግጥ በ2008ቱ ጥናት አማራ ክልል 46፣ አዲስ አበባ 15 በመቶ ነው፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ግን 15 በመቶ ማለት ከሰባት የአዲስ አበባ ልጆች አንዱ ማለት ነው። በመላ አገሪቱ ደግሞ እጅግ ሀብታም ከሚባሉት ቤተሰቦች እንኳ ከአራት ልጆች አንዱ ገደማ ቀንጭሯል። ስለዚህ ነገሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የምናበላው ምን እንደሆነም ነው። በዚያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ልጆች በዓይነትም በመጠንም በቂ ምግብ ያገኙት ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ። እንቁላሉ ለገበያ፣ ወተቱ ለእንግዳ፣ ሥጋው ለአባወራ! ከተማ ስንመጣ ደግሞ ልጅ ሲያለቅስ ብስኩትና የፕላስቲክ ጁስ። ልጁ ሆዱ ይሞላል፤ ሥጋና ደሙ ግን የሚፈልገውን አላገኘም።

ስለ እናቶችም እንነጋገር ካልን፣ ባህላችን አራስን ያከብራል። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይጠጣል፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይባላል። ደስ ይላል። ግን የምንመግባት ከወለደች በኋላ ነው። እርጉዝ ሳለች "ብዙ ከበላሽ ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጠናብሻል" የምንላት እኛው ነን። በ2008ቱ ጥናት በእርግዝናቸው 90 ቀንና ከዚያ በላይ የአይረን ክኒን የወሰዱት ከመቶ 5 ናቸው። ከሺህ ቀኑ ውስጥ የመጀመሪያው 270 ቀን በዚህ ሁኔታ ያልፋል። ከወለደች በኋላም ብጫ መሳዩን የመጀመሪያ ወተት፣ እንገሩን፣ "ቆሻሻ ነው" ብሎ የሚያስጥል፣ ለሕፃኑ ቅቤ የሚያልስ አልጠፋም። እንገሩ የልጁ የመጀመሪያ ክትባት ነው ማለት ይቻላል!

ጾሙም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርንና የምታጠባን እናት "ካልጾምሽ" ብላ አታስጨንቅም፤ ልጅም ሰባት ዓመት ሳይሞላው አይጾምም። ችግሩ ሕጉ ላይ ሳይሆን ማዕድ ቤታችን ውስጥ ነው። በጾም ወራት ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ሳህኑ ሁሉ "እንዳይነካካ" ይባላል፤ ለአንድ ሕፃን ብላ እንቁላል የምትጠብስ እናት ጎረቤት ምን ይለኛል ትላለች። አንድ መጥበሻ ለልጁ ብቻ መለየት ምን ያህል ያስቸግራል? ይህን ከዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው የሚነግሩን አባቶች ቢበዙ ከመቶ ፖስተር ይበልጥ ነበር።

ልጅን የምታሳድገው ልጅ

ወደ ክርስትናው እንመለስ። ጓደኛችን ዐሥር ቀን ሲቀራት ደላላ ጠርታ ሞግዚት ቀጥራለች። ልጅቷ ከወሎ ገጠር ነው የመጣችው። ዕድሜዋን ስንጠይቃት ሳታመነታ "ዐሥራ ስምንት" አለች። ደላላው ያስጠናት ይመስላል፤ ለእኛ ዐሥራ አራትም አልመሰለችንም። ሕፃኗን አዝላ፣ በግራ እጇ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች፣ በቀኝ እጇ ብርጭቆ ትሰበስባለች። "እትዬ፣ ትንሽ ልጨምርሎ?" ትለናለች፤ በዓመት በሁለት ዓመት ነው የምንበልጣት እያለን የምንዋሸውን ሰዎች!

ይቺ ልጅ ምናልባት ከዚያ ከ46 በመቶው ውስጥ ናት። ማን ያውቃል፣ ነገ አግብታ ስትወልድ ከተጎዳ አካል የሚወለደው ልጅ ገና ሲጀምር ጎድሎ ይጀምራል፤ መቀንጨር ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። እኛ የተማርነው ሴቶች ቢሮ የምንገባው እሷ ትምህርቷን አቋርጣ ልጃችንን ስለያዘችልን ነው። እናት ሳትጠግብ ያደገች ልጅ፣ እናቷ ቢሮ የሄደችባትን ልጅ ታሳድጋለች። ይህን ጉዳይ ስለ ሴቶች መብት ስናወራ ከጠረጴዛው ሥር እንደብቀዋለን።

ሆኖም እሷን እንደ ችግር ብቻ ማየት ትክክል አይደለም። በጃማይካ ዋና ከተማ ኪንግስተን እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመረጡ። ለአንዳንዶቹ በየሳምንቱ ወተት ተሰጠ። ሌሎቹን ደግሞ የጤና ረዳት ሠራተኞች በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ቤታቸው ሄደው፣ እዚያው በተሠራ መጫወቻ፣ ከልጁ ጋር እንዴት እንደሚወራና እንደሚጫወቱ ለእናቶች አሳዩ። ሁለቱንም ያገኙ ነበሩ፤ ምንም ያላገኙም ነበሩ። ሁለት ዓመት ቆየ። ከሃያ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ እነዚያን ልጆች ፈልገው ሲያገኟቸው ጨዋታው የደረሳቸው ካልደረሳቸው 25 በመቶ የበለጠ ያገኙ ነበር። ወተቱ ብቻ የደረሳቸው በገቢያቸው ያን ያህል ለውጥ አላሳዩም። ምግብ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ አካል ያለ ምግብ አይሠራም። ግን ልጅ ሲበላ ዓይኑ ውስጥ የሚያየው፣ የሚያናግረው፣ "ይኼ ምንድን ነው?" የሚለው ሰው ይፈልጋል። ያቺ ሞግዚት እሹሩሩ ስትል እኮ ያንን ነው የምታደርገው። ደመወዟን በወቅቱ፣ የማታ ትምህርት ቤት፣ እረፍትና ሙሉ ሳህን ብንጨምርላት የበለጠ ታደርገዋለች።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በሐምሌ 2007 መንግሥት "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" የተባለ ሰነድ ይፋ አደረገ። ዓላማው በፈረንጆቹ 2030፣ በእኛ 2022 ዓ.ም.፣ ከሁለት ዓመት በታች ልጆች ላይ መቀንጨርን ዜሮ ማድረግ ነው። ሥራው የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ 40 ወረዳዎች ነው። ጤና ብቻ ሳይሆን ውኃ፣ ግብርና፣ ትምህርት፣ ማኅበራዊ ጉዳይ አንድ ላይ እንዲሠሩ ታስቦ ነበር። ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ከዚያ በ2013 ጦርነቱ መጣና እነዚያኑ ወረዳዎች መታቸው፤ ሰቆጣ ከተማ ራሷ ተይዛ ነበር። በዚያ ጦርነት ወቅት የተፀነሱ ልጆች ሺህ ቀናቸው አልቋል። ፖለቲከኞቹ ሲታረቁ ተኩሱ ይቆማል፤ የልጅ ሺህ ቀን ግን እርቅ አይጠብቅም። ስለ ጦርነት ኪሳራ ስንቆጥር የፈረሰውን ድልድይ ብቻ አንቁጠር።

ቀነ ገደቡ ሊደርስ የቀሩት ዓመታት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ዜሮ እንደማንገባ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ፔሩ የምትባል አገር እ.ኤ.አ. በ2008 ከመቶ 28 የነበረውን መቀንጨር በ2016 ወደ 13 አውርዳለች። ተአምር አልነበረም፤ ገንዘቡን ወደ ድሃ ወረዳዎች አዞሩ፣ በጀቱን ከውጤት ጋር አሠሩ፣ የልጅ ቁመት በየጊዜው እንዲለካና እናት ውጤቱን እንድታውቅ አደረጉ። እኛ ዘንድ ስንት እናት የልጇን ክብደት ታውቃለች፤ ቁመቱንስ?

እኛ በበኩላችን አንድ ነገር አጥብቀን እንጠይቃለን፤ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ ስድስት ወር ይሁን። "አሠሪዎች ሴት መቅጠር ያቆማሉ" የሚለውን መከራከሪያ ሰምተነዋል፤ ባዶ ወሬም አይደለም። ዛሬም "ለማግባት አስበሻል?" ተብለን የተጠየቅንባቸው የሥራ ቃለ መጠይቆች አሉ። ችግሩ ግን ከቀኑ ርዝመት ሳይሆን ከከፋዩ ነው። ዛሬ የወሊድ ደመወዙን ሙሉ በሙሉ የሚሸከመው ያ አንድ አሠሪ ነው። ጡረታ እንደሚዋጣው ሁሉ ወንድም ሴትም፣ ትልቁም ትንሹም ድርጅት በየወሩ ጥቂት የሚያዋጣበት የወሊድ ፈንድ ቢቋቋም ሴት መቅጠር ኪሳራ መሆኑ ይቀራል። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር፤ የታዘዘው ይፈጸም፣ የግሉም ይጨመርበት። የሚቆለፍ፣ ወንበርና ፍሪጅ ያለው አንዲት ክፍል ስንት ብር ይፈጃል?

"ፈቃዱ ለጥቂት ቢሮ ላላቸው ነው፤ ጉሊት የምትነግደዋ፣ የምታርሰዋ እናትስ?" ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ። ለእሷ ፈቃድ የሚሰጣት የለም። ለእሷ የሚያስፈልገው በእርግዝናዋና ልጇ ሁለት ዓመት እስኪሞላው በሴፍቲኔት በኩል የሚደርሳት ገንዘብ፣ ቅርብ የሆነ ውኃ፣ አራት አምስት ዶሮ፣ የማያልቅባት የአይረን ክኒን ነው። ፈንዱ ሲቋቋም እሷን የሚረሳ ከሆነ አንፈልገውም።

ይህን ጽሑፍ ጨርሰን ለጓደኛችን ደወልንላት። ሥራ ከገባች አራተኛ ቀኗ ነው። "እንዴት ነሽ?" ስንላት "ደህና ነኝ" አለች፤ ቆየት ብላ "ሸሚዜ ረጠበብኝና ስብሰባ መሀል ወጣሁ" አለችን። ወተቱ ሰዓቱን ጠብቆ መጥቶ ነው። ልጅቷ ስድስት ኪሎ ሜትር ርቃ፣ የሌላ ልጅ ጀርባ ላይ ሆና፣ ሰዓቷን ጠብቃ እያለቀሰች ነበር።